«መጀመሪያ ፖሊስ ጋ እንሂድ»፦ ከወሲባዊ ጥቃት በኋላ ድጋፍ የሚፈለግበት ቅደም ተከተል ለምን ይገለበጣል?

አንዲት ሴት መደፈሯን ለምታምነው ሰው ስትናገር ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚመጣላት መልስ «ተነሺ፣ ፖሊስ ጋ እንሂድ» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለበትም። ንዴት አለበት፣ ፍትሕ መፈለግ አለበት፣ «ይሄ ሰው እንዲሁ አይቀርም» የሚል እልህ አለበት። ግን ሰዓት ይበላል። በብዙ አገሮች ክስ ለመመሥረት ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ በዓመታት ይቆጠራል፤ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠውን መድኃኒት ለመጀመር ያለው ጊዜ ግን 72 ሰዓት ብቻ ነው። ቃሏን ለመስጠት ተራ ስትጠብቅ፣ መርማሪው እስኪመጣ ስትቀመጥ፣ «ነገ ተመለሺ» ስትባል የሚያልፈው ጊዜ ሁሉ ከእነዚህ 72 ሰዓታት ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል እላለሁ። ጤናዋ ይቅደም፤ ማስረጃው ከሕክምናው ጋር አብሮ ይያዝ፤ ይከሰስ ወይስ አይከሰስ የሚለውን ደግሞ እሷ ትወስን፣ ሲመቻት። ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት ሲደራጁም ሆነ ቤተሰብ ሲመክር ይህ ሲገለበጥ ብዙ ሰው ከመንገድ ይቀራል፤ ሕክምናውንም ሳያገኝ፣ ክሱንም ሳያደርስ። በአብዛኛው «እሷ» እያልኩ ብቀጥልም ወንዶችና ወንድ ልጆችም ይደፈራሉ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

በሰዓት የሚቆጠረው

«ሐኪም ቤት» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቁስል ማሳሰርና ለፍርድ ቤት የሚሆን ወረቀት ማጻፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊደረግ የሚችለው ከዚያ በጣም ይሰፋል። ከሁሉ የሚቀድመው ሕይወትን የሚያሰጋ ጉዳት ነው፤ ከባድ መድማት፣ የጭንቅላት ምት፣ የአጥንት ስብራት። በተለይ አንገቷን ታንቃ ከነበረ ምንም ምልክት ባይታይም መታየት አለባት። አንገት ሲታነቅ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ የደም ሥሮች ውስጣቸው ሊጎዳ ይችላል፤ የዚህ መዘዝ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ በስትሮክ መልክ ሊመጣ ይችላል። ቆዳ ላይ ሰንበር የለም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የኤችአይቪ መከላከያው አለ። በሐኪሞች አነጋገር ፔፕ ይባላል፤ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሥር ሳይሰድ የሚከለክሉ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ውህድ ነው። ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። 72 ሰዓት ማለት ግን «ሦስት ቀን አለሽ፣ ተረጋጊ» ማለት አይደለም። በሁለተኛው ሰዓት የተጀመረ መድኃኒት በሰባኛው ሰዓት ከተጀመረው የተሻለ የመከላከል ዕድል አለው። የ28 ቀኑ ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መድኃኒቱ አንዳንዴ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፤ ኪኒኑ በየቀኑ ያንን ቀን ያስታውሳል፤ አብሯት የሚኖር ሰው ካየው «ምንድን ነው የምትውጪው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ብዙዎች ሳይጨርሱ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። መድኃኒቱን ሰጥቶ መሸኘት ግማሽ ሥራ ነው የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ደውሎ «እንዴት እየሄደልሽ ነው?» የሚል ሰው ከሌለ ቀሪው ግማሽ አልተሠራም።

እርግዝናን ለመከላከል ያለው ጊዜ ትንሽ ይረዝማል፤ እስከ 120 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ቀን። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው ኪኒን በአንድ ጊዜ 1.5 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ ሰዓቱ እየገፋ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ኡሊፕሪስታል የተባለው በአራተኛውና በአምስተኛው ቀንም የተሻለ ይሠራል። ከሁሉ አስተማማኙ በአምስት ቀን ውስጥ በባለሙያ ማሕፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ነው፤ ነገር ግን ገና ለተደፈረች ሴት እንዲህ ያለ የውስጥ አካል ሂደት በዚያ ሰዓት ሊከብዳት ይችላል፤ ሊጫናት የሚገባ አማራጭም አይደለም። የሌቮኖርጀስትሬል ኪኒን ቀድሞ የነበረን እርግዝና አይጎዳም። ስለዚህ «መጀመሪያ የምርመራ ውጤት ይምጣ» ብሎ ሰዓት ማባከን አያስፈልግም።

የቀረው ባጭሩ ይነገር። ለጨብጥ፣ ለክላሚዲያና ለቂጥኝ የሚሆን መድኃኒት የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ይሰጣል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልተከተበ ሰው የመጀመሪያውን መርፌ ቶሎ፣ ቢዘገይ ግን እስከ 14 ቀን ድረስ ቢወጋ ይጠቅመዋል። የተቦጨቀ ወይም የቆሸሸ ቁስል ካለ የቴታነስ ክትባት ይታከላል። ኤችአይቪ በዚያው ዕለት ተመርምሮ፣ ከሳምንታትና ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም የፖሊስ ፊርማ የሚጠይቅ ሕክምና አይደለም። «ከፖሊስ ደብዳቤ ካላመጣሽ አናይሽም» የሚል ተቋም ካለ፣ ያ የሕክምና ምክንያት የለውም።

ማስረጃ መያዝና መክሰስ ይለያያሉ

ስለ ማስረጃ የሚነገረው ምክር በአብዛኛው «አትታጠቢ» ከሚለው አያልፍም። እውነት ነው፤ ከመታጠብ፣ ልብስ ከመቀየር፣ ከተቻለም ከመሽናት በፊት መመርመር ብዙ ነገር ያተርፋል። ግን አንድ ሰው ከተደፈረ በኋላ በመጀመሪያ የሚፈልገው መታጠብ ነው፤ ይህን ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ታጥባም ቢሆን ትምጣ። ናሙና በብዙ ቦታ እስከ 72 ሰዓት፣ በአንዳንድ አገሮች እስከ ሰባት ቀን ድረስ ይወሰዳል፤ ከሰውነቷ ቢጠፋ ከልብስ ላይ ሊገኝ ይችላል። ልብሱ ሳይታጠብ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ላስቲክ ውስጥ ከገባ እርጥበት አፍኖ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። መጠጥ ውስጥ የሆነ ነገር ተጨምሮባታል ተብሎ ከተጠረጠረ ደግሞ ሽንት ቶሎ ይሰጥ፤ ለዚህ ከሚውሉት ዕፆች መካከል ጂኤችቢ የተባለው በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከሽንት ይጠፋል።

ምርመራው ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። በእያንዳንዱ እርምጃ ፈቃዷ ይጠየቃል፤ ደም ልትሰጥ ፈቅዳ የማሕፀን ምርመራውን እምቢ ማለት ትችላለች፤ ጀምራም ማቆም ትችላለች። ሰውነቷ ላይ ያለፈቃዷ የተፈጸመውን ነገር በነጭ ጋውን መድገም ሕክምና አይባልም። «የድንግልና ምርመራ» የሚባለውን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና ከተመድ የሴቶች ድርጅት ጋር ሆኖ በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንዲቆም ጠይቋል፤ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ መደፈርንም አለመደፈርንም አያሳይም። ከተደፈሩት መካከል በብልታቸው ላይ ምንም ጉዳት የማይታይባቸው ብዙ ናቸው። «ጉዳት አልተገኘም» የሚል ወረቀት የሚለው ያንኑ ብቻ ነው፤ ጉዳት አልተገኘም። «አልተደፈረችም» ብሎ የሚያነበው ሰው ያልተጻፈ ያነባል።

ማስረጃ መሰብሰብ በራሱ ፍትሕ እንደማያመጣ ታሪኩ ይመሰክራል። የመድፈር ማስረጃ የሚሰበሰብበትን ሣጥን በቺካጎ በ1970ዎቹ ያሰበችው ማርቲ ጎዳርድ የምትባል የተጠቂዎች ተሟጋች ነበረች፤ ሣጥኑ በ1978 ሥራ ላይ ሲውል ግን የተጠራው በፖሊሱ በሉዊስ ቪቱሎ ስም ነው። እሷ ስሟ እንዲረሳ ተደርጎ ዓመታት አለፉ። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2009 ዲትሮይት ውስጥ በአንድ የፖሊስ መጋዘን ከ11,000 በላይ ያልተመረመሩ ሣጥኖች ተገኙ። እያንዳንዱ ሣጥን ለሰዓታት በምርመራ አልጋ ላይ የተኛ ሰው አለው። «ማስረጃ ስጪ እንጂ ፍትሕማ ይገኛል» እያልን ስንመክር ይህም መታወቅ አለበት።

ታዲያ ማስረጃው አይሰብሰብ ማለት ነው? ተሰብስቦ ይቀመጥ፤ ክሱ ግን ግዴታ አይሁን። አሜሪካ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከተውን ሕግ በ2005 ስታሻሽል ክፍላተ አገራቷ እስከ 2009 ድረስ ለፍርድ ማስረጃ የሚሆነውን (የፎረንሲክ) ምርመራ በነፃ፣ ያለ ፖሊስ ክስም ማቅረባቸውን ለፌደራል ድጎማ ቅድመ ሁኔታ የሚያደርግ ድንጋጌ አስገብታለች። በእንግሊዝ የወሲባዊ ጥቃት ማዕከላትም ተጠቂዋ ራሷ ሄዳ ትመረመራለች፤ ናሙናዋ ተይዞ ይቆይላታል፤ ሐሳቧን ስትወስን ለፖሊስ ይሰጣል። ይህ አሠራር ክስ ያዳክማል ብለው የሚሟገቱ አሉ። እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው፤ ዛሬ ማታ «ክሰሺ ወይም ሂጂ» የተባለች ሴት ሄዳ ትቀራለች፤ ማስረጃውም አብሯት ይሄዳል።

ስንት ጊዜ ታውራው?

የአንድን የድጋፍ ሥርዓት ጥራት መለካት ቢኖርብኝ ሕንፃውንም በጀቱንም አላይም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ተጠቂዋ የሆነውን ነገር ስንት ጊዜ ታወራዋለች? ለካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ለነርስ፣ ለተረኛ ሐኪም፣ ለስፔሻሊስት፣ በር ላይ ላለው ፖሊስ፣ ለመርማሪው፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለአማካሪ፣ በመጨረሻም ተከሳሹ በተቀመጠበት ችሎት። በየቦታው አዲስ ፊት፣ በየቦታው «ከመጀመሪያው ንገሪኝ»። በየትረካው መሐል ትንሽ ልዩነት ትፈጥርና ያው ልዩነት ኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ «ቃልሽ ይጋጫል» ተብሎ ይመጣባታል።

ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር የማድረግ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ማንቸስተር ውስጥ በሴንት ሜሪ ሆስፒታል በ1986 የተከፈተው ማዕከል በብሪታኒያ የመጀመሪያው ነበር። ማሌዥያ በ1994 ኩዋላ ላምፑር ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ጀምራ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች አስፋፋችው፤ ሐሳቡ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተውም ይህን ሞዴል ተከትሎ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ2000 ጀምሮ ቱቱዜላ የሚባሉትን ማዕከላት አቋቋመች፤ እነዚህን የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ስለዚህ ከሕክምና እስከ ክስ ያለው መስመር አጭር ይሆናል። በኮንጎ ቡካቩ ዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ በ1999 የመሠረቱት የፓንዚ ሆስፒታል ደግሞ ከሕክምና፣ ከሥነ ልቦናና ከሕግ ድጋፍ ጎን ሴቶቹ ተመልሰው የሚቆሙበትን መተዳደሪያ አራተኛ ምሰሶ አደረገው። ሙክዌጌ በ2018 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከናዲያ ሙራድ ጋር ተጋርተዋል። የፓንዚ አራተኛ ምሰሶ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቤቷ የአጥቂው ቤት የሆነባት፣ ገቢዋ በእሱ እጅ ያለ ሴት የምክር አገልግሎት ብቻ ብትሰጧት ተመልሳ ወደዚያው ትገባለች።

እነዚህ ማዕከላት ግን መፍትሔ ተብለው ሲከበሩ የማይነገር ድክመት አላቸው። ብዙውን ጊዜ በትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ናቸው፤ ራቅ ያለ ቦታ ላለችው ሴት 72 ሰዓቱ በመንገድ ያልቃል። አንዳንዶቹ በሥራ ሰዓት ብቻ ይከፈታሉ፤ ጥቃት ደግሞ የቢሮ ሰዓት አይጠብቅም። የሠለጠነችው ነርስ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር እውቀቱ አብሯት ይዛወራል። ፔፕና ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ ግን የስፔሻሊስት ሥራ አይደሉም፤ አንድ ተራ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ የሠለጠነ ነርስ ሊጀምራቸው ይችላል። ገንዘብ በሚያጥርበት አገር አንድ የሚያምር ማዕከል ከመክፈት ይልቅ በየጤና ጣቢያው ሃያ አራት ሰዓት መድኃኒቱ እንዲገኝ ማድረግ ብዙ ሰው ያድናል የሚል እምነት አለኝ።

ከሆስፒታል ውጭ ያለው ሌላ ዓይነት ቤት የተወለደው ከሴቶች ንቅናቄ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በ1976 ደግሞ በለንደን የተከፈቱት የመደፈር ቀውስ ማዕከላት ከመንግሥት ፈቃድ ሳይጠብቁ በፈቃደኞችና በአንድ ስልክ የጀመሩ ናቸው። ልዩ የሚያደርጋቸው ማስረጃ የማይጠይቁ መሆናቸው ነው። ከእነሱ የወጣ አንድ አሠራር አለ፤ ሠልጥና አብራት ሆስፒታልም ፖሊስ ጣቢያም የምትሄድ ደጋፊ። የአሜሪካዋ ተመራማሪ ርብቃ ካምቤል በ2006 ያሳተመችው ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ሰው አብሯቸው የነበሩ ሴቶች ፖሊስ አቤቱታቸውን የመቀበል ዕድሉ ከፍ ያለ፣ ያገኙት ሕክምና የበለጠ፣ የደረሰባቸው መጉላላትም ያነሰ ነበር። ሕጉ ያው፣ ሆስፒታሉ ያው፤ የተጨመረው ጎኗ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሰማው ሰው

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚነግረው ለባለሙያ አይደለም። ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ለእናት፣ አንዳንዴም ለማያውቀው ሰው በስልክ ነው። ያ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ወደ ሕክምና የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ከሚዘጉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የከፋው «ለምን አልጮህሽም?» ነው።

ሰውነት በከፍተኛ ፍርሃት ውስጥ ከመሸሽና ከመታገል ሌላ ሦስተኛ መልስ አለው፤ መድረቅ። ጡንቻ አይታዘዝም፣ ድምፅ አይወጣም። ስቶክሆልም ውስጥ በአንድ የድንገተኛ ክሊኒክ የታዩ 298 ሴቶች ላይ የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት 70 በመቶው በጥቃቱ ጊዜ ጉልህ የሆነ የመድረቅ ስሜት እንደነበራቸው፣ 48 በመቶው ደግሞ እጅግ የበረታ እንደነበር ዘግቧል። እንዲህ የደረቁት ሴቶች ከስድስት ወር በኋላ ለከባድ ጭንቀትና ለድባቴ የመጋለጥ ዕድላቸው የበለጠ ነበር። ስለዚህ ያልጮኸችው ሴት በብዛት የተለመደውን ነው ያደረገችው፤ ይልቁንም ለሕክምና ክትትል ቅድሚያ የሚገባት እሷ ናት። ትዝታዋም ቢሆን የተቆራረጠ ሊሆን ይችላል፤ የግድግዳውን ቀለም አስታውሳ ሰዓቱን ልትረሳ ትችላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ሠራተኞች ያወጣው የመጀመሪያ ድጋፍ መመሪያ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ማዳመጥ፣ ምን እንደሚያስፈልጋት መጠየቅ፣ እንደሚያምኗት ማሳወቅ፣ ደኅንነቷን ማሰብ፣ ከድጋፍ ጋር ማገናኘት። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም። «አምንሻለሁ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። አሁን ምን ላድርግልሽ?» ማለት ይበቃል። ዝርዝሩን እንድታወራ መጎትጎት አያስፈልግም። «አውጪው፣ ይቀልልሻል» የሚለው የተለመደ ማባበያ ከመልካም ልብ ቢመጣም፣ ገና ከአደጋው የወጣን ሰው ሁሉን በአንድ ቁጭታ እንዲተርክ ማድረግ እንደማይመከር ይኸው ድርጅት በመመሪያው አስፍሯል።

ከማዳመጥ ይልቅ ወንድምየው ዱላ ይዞ ሲወጣስ? ይህ ፍቅር ተደርጎ ይወሰዳል። ውጤቱ ግን ምስጢሯ አደባባይ መውጣቱ፣ አጥቂው መንቃቱ፣ ነገሩ የሁለት ቤተሰብ ጠብ ሆኖ እሷ ከራሷ ጉዳይ መገፋቷ ነው። «ሽማግሌ ይግባበት፣ ይታረቁ» የሚለውም ያው ነው፤ የሚታረቀው ቤተሰብ፣ ዝም የምትባለው እሷ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ድንገት መበርገግ፣ ከሰው መራቅ ይጠበቃል። ባርባራ ሮትባውምና ባልደረቦቿ በ1992 ያሳተሙት ጥናት ከተደፈሩ ሴቶች 94 በመቶው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የአሰቃቂ ክስተት ጭንቀት ምልክቶችን እንዳሟሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 47 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። በሁለተኛው ሳምንት «አበድኩ እንዴ?» ብላ የምትፈራውን ሴት የመጀመሪያው ቁጥር ያረጋጋታል። ሁለተኛው ደግሞ «ጊዜ ሁሉን ይሽራል» ለሚለው ሰው መልስ ነው፤ ለግማሾቹ ጊዜ ብቻውን አልሻረላቸውም። ለእነዚህ በፓትሪሺያ ሬሲክ የተጀመረው፣ ስለ ጥቃቱ በአእምሮ የሚቀረጸውን ሐሳብ የሚፈትሽ ሕክምናና በኤድና ፎአ የተጀመረው፣ የሚሸሹትን ትዝታ ቀስ በቀስ የመጋፈጥ ሕክምና በጥናት ተፈትነው የሠሩ ናቸው። አማካሪ ሲፈለግ «በአሰቃቂ ክስተት ላይ የትኛውን ዘዴ ትጠቀማለህ? በምን ሠልጥነሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ድጋፍ ስትፈልግ ማን እያያት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት 736 ሚሊዮን ገደማ ሴቶች፣ ከሦስት አንዷ ማለት ነው፣ በሕይወታቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ከእነዚህ 641 ሚሊዮኑ ጥቃቱ የመጣባቸው ከባል ወይም ከፍቅር አጋር ነው። ስለ መደፈር የሚጻፈው ምክር ግን አብዛኛው በጨለማ መንገድ ላይ ያለ እንግዳ ሰው ታስቦ የተጻፈ ነው። አጥቂው ስልኳን የሚፈታ፣ የባንክ መልእክቷን የሚያነብ፣ የመድኃኒት ካርዷን የሚያይ ሰው ሲሆን «ደውዪ» ማለት ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ፍለጋው ከጓደኛ ስልክ ወይም ከሥራ ቦታ ቢደረግ የሚሻለው። በራሷ ስልክ ከሆነ ደግሞ የፍለጋ ታሪክና የጥሪ ዝርዝር ይጥፋ፤ የመገኛ ቦታ ማጋራትና በሌላ መሣሪያ ላይ የተከፈተ የኢሜይልና የመልእክት አካውንት ይታይ። ሁሉን በአንዴ ማጥፋት የሚጠራጠርን ሰው ሊያነቃ እንደሚችልም አይዘንጋ፤ የተወሰነውን ብቻ ማጥፋት አንዳንዴ ይበልጣል። በደንብ የታሰበባቸው የድጋፍ ገጾች ገጹን በቅጽበት የሚሰውር ቁልፍ አላቸው፤ ቁልፉ ግን የፍለጋ ታሪኩን አያጠፋም።

ወደ አንድ መስመር ወይም ማዕከል ስትደውል ስሟን ሳትናገር የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ምስጢሬ እስከ ምን ድረስ ይጠበቃል? ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለባችሁ? በብዙ ቦታ ተጠቂዋ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ከሆነ ባለሙያው ዝም ማለት አይችልም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ኋላ ከመከዳት ስሜት ያድናል። መዝገቤን ማን ያያል? ቤት ስልክ ትደውላላችሁ? ሴት ሐኪም መጠየቅ እችላለሁ? ሌሊት ማን አለ? መድኃኒቱ ዛሬ በእጃችሁ አለ ወይስ ሌላ ቦታ ትልኩኛላችሁ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ምልልስ ታስቀራለች። እሷ መደወል ካቃታት ደግሞ የሰማው ሰው ስሟን ሳይጠራ በእሷ ፈንታ ይደውል፤ ይህ ለእህትም ለጓደኛም የሚሰጥ ተጨባጭ ሥራ ነው፣ ዱላ ከመያዝ በብዙ ይሻላል።

ወደ ወንዶቹ ልመለስ። ወንድ ሲደፈር ብልቱ ያለፈቃዱ ሊቆም፣ እስከ መርካትም ሊደርስ ይችላል፤ ይህ የነርቭ መልስ ነው፣ ፈቃድ አይደለም፣ ስለ ማንነቱም የሚናገረው ነገር የለም። አጥቂዎች ይህን ያውቁትና «ወደኸው ነበር» እያሉ አፉን ይዘጉበታል። ሕክምናው፣ ፔፑም የሄፓታይተሱ ክትባትም፣ ለእሱም ያው ነው፤ በሩ ላይ «የሴቶች ክፍል» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ግን ይመለሳል። አካል ጉዳተኞች ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለባቸው። አስተርጓሚው ወይም ተንከባካቢው ራሱ አጥቂው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አብሯት የመጣውን ሰው ለአፍታ ከክፍሉ ማስወጣት የእያንዳንዱ ሐኪም ልማድ መሆን አለበት።

ለድጋፍ መስመሮች የሚደውሉ ሁሉ በ72 ሰዓት ውስጥ ያሉ አይደሉም። በልጅነቷ የሆነውን ከልጅ መውለድ በኋላ የምታስታውስ፣ በሥራ ቦታ የሆነውን ሥራውን ከለቀቀች በኋላ የምትናገር አለች፤ ቀድማ የምትጠይቀውም «ዘግይቻለሁ?» የሚል ነው። ለፔፕ አዎ። ለኤችአይቪና ለአባላዘር ምርመራ፣ ለሕክምናቸውም አልዘገየችም። ለክስ እንደየአገሩ ሕግ ነው፤ በልጆች ላይ ለተፈጸመ ጥቃት ክስ የሚቀርብበትን የይርጋ ጊዜ ያራዘሙ ወይም ጨርሶ ያስቀሩ አገሮች አሉ፤ የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ። ለሥነ ልቦና ሕክምናው ደግሞ ሬሲክና ባልደረቦቿ በ2002 ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጣል። የተሳተፉት የተደፈሩ 171 ሴቶች ነበሩ፤ ሕክምና ሲጀምሩ ከጥቃቱ በአማካይ 8 ዓመት ተኩል አልፏቸው ነበር። ሕክምናውን ከጨረሱት መካከል አብዛኞቹ ሲወጡ የጭንቀት ሕመሙን መስፈርት አያሟሉም ነበር።